ጭስና ፍሳሽ ሰፈራችሁን ሲያስቸግር ከየት ትጀምራላችሁ? ለጎንደር ነዋሪዎች የአሠራር መመሪያ

ስለ ኢንዱስትሪ ብክለት ሲነሳ ቶሎ የሚታየን ትልቅ ፋብሪካ ነው። ብዙ ቤተሰብን በየቀኑ የሚያስለው ግን ከግድግዳው ማዶ ያለው ነው። ጋራዥ፣ ብየዳ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ወፍጮ ቤት፣ ላቫጆ፣ ባትሪ የሚያድስ ሱቅ፣ ጎማና ፌስታል የሚቃጠልበት ሜዳ። ጎንደር ውስጥ ወንዝ ዳርና ከተማው ጫፍ ላይ ያሉ ሰፈሮች ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይሸከማሉ። ቦይ የላቸውም። መንገዳቸው አቧራ ነው። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪናም ሲመጣ ሲቀር ነው።

እዚያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ የምትሰሙት አንድ ነው፦ «ስንቴ ተናገርን፣ ማን ይሰማናል?» እውነታቸውን ነው። ተናግረዋል። ችግሩ በአፍ የተነገረ ነገር ቀን የለውም፣ ማህተም የለውም፣ መዝገብ ቤት አይገባም። ቢሮ የነበረው ኃላፊ ሲቀየር አቤቱታውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው። ያያችሁትን በቀንና በሰዓት ጻፉ፣ በደብዳቤ አስገቡ፣ ቀሪው ላይ ገቢ አስደርጉ። ሕጉ ጊዜ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያች ማህተም ነው።

1. ከሁሉ በፊት ቤተሰባችሁን ጠብቁ

አቤቱታው ወራት ሊፈጅ ይችላል። የልጅ ሳንባ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ስለዚህ ደብዳቤው ሳይጻፍ ዛሬውኑ የሚጀመሩ ነገሮች አሉ።

ከውሃ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ከጋራዥ ወይም ከማምረቻ በታች ያለ ወንዝ፣ ምንጭ ወይም የእጅ ጉድጓድ ከሆነ ማፍላት አይበቃም። ማፍላት ተውሳክ ይገድላል። ዘይትን፣ እርሳስን፣ ሌሎች ብረቶችን ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ የቀረው ውስጥ ያለው ብረት ይበረታል። ውሃ አጋርና መሰሎቹም ለተቅማጥ ተውሳክ እንጂ ለኬሚካል አልተሠሩም። ቧንቧው በፈረቃ ሲጠፋ የያዛችሁትን ንጹሕ ውሃ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለሕፃናት ብቻ አቆዩት። ለወለልና ለሽንት ቤት ሌላ ውሃ ፈልጉ።

አትክልትም እንዲሁ ነው። ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ስትገዙ በየትኛው ውሃ እንደለማ ጠይቁ። በኮምጣጤ ማጠብ አፈሩንና ተውሳኩን ይቀንሳል። ተክሉ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን የሚያጥበው ነገር የለም።

አቧራ ያለበት ሰፈር በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ። ደቃቁ አቧራ ተነስቶ ሰዓታት አየር ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ተመልሶ ምግብና አልጋ ላይ ይተኛል። ወለሉን ረጨት አድርጋችሁ ጥረጉ፣ መስኮቱንና ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱ። በበጋ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ስለሚተኛ ጭሱ ቶሎ አይነሳም። በዚያ ሰዓት መስኮት ዝጉ፣ አስም ያለበት ልጅ ውጭ አይሩጥ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ቤቱን አናፍሱ። የጨርቅ ማስክ ትልልቁን አቧራ ይይዛል። ደቃቁን የጭስ ብናኝ ግን ያሳልፈዋል፣ ስለዚህ እሱን ተማምናችሁ ልጅ ጭስ ውስጥ አትላኩ።

ባትሪ የሚፈታበት ወይም የሚቀልጥበት ቦታ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምር። የመኪና ባትሪ ውስጡ እርሳስ ነው። እርሳስ ለልጅ «ይህን ያህል ቢገባ ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም። አእምሮው ገና እያደገ ያለን ልጅ ትምህርት የመቀበል አቅም ይጎዳል፣ ነፍሰ ጡር እናት ላይ ካለም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ልጆች እዚያ አፈር ላይ እንዳይጫወቱ ከልክሉ። ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና አስታጥቡ። ምስር፣ ጎመን፣ ወተት የመሳሰሉት ብረትና ካልሲየም ያላቸው ምግቦች ሰውነት የሚወስደውን እርሳስ ይቀንሳሉ፤ መድኃኒት ግን አይደሉም። አባት ወይም ወንድም እዚያ የሚሠራ ከሆነ የሥራ ልብሱን እዚያው ይቀይር። ካልተቻለ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

አንድ ነገር ልጨምር። የተቃጠለ ዘይት ለምስጥ ጥሩ ነው ተብሎ የአጥር እንጨትና የቤት ምሰሶ ይቀባል። ልጆች የሚደገፉበትን፣ ዝናብ አጥቦ ወደ ጓሮ የሚያወርደውን እንጨት እባካችሁ አትቀቡ። ያ ዘይት ከሞተር የተፋቀውን ብረት ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

2. ምንጩን ለዩ፣ የራሳችሁን ምድጃም ጨምሮ

ለባለሙያ ስታመለክቱ የሚቀርብላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ቤት ውስጥ በምን ነው የምታበስሉት?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። የምጣድ፣ የከሰልና የኩበት ጭስ ራሱ ሳንባን ይጎዳል። የማምረቻው ባለቤትም ይህን ያውቃል፣ «ጭሱ ከእናንተ ምጣድ ነው» ብሎ ይከራከራችኋል። ስለዚህ ቀድማችሁ ለዩት። እንጀራ የምትጋግሩበትን ቀንና ሰዓት ለብቻ ጻፉ። ማንም ምጣድ በማይጥድበት ሌሊት ጭስ ከመጣ፣ ማስረጃችሁ ያ ሰዓት ነው።

ከዚያ በቀን ብርሃን ሰፈሩን ዙሩ። ነጭ ወረቀት ላይ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ቦኖውን፣ ትምህርት ቤቱንና ማምረቻዎቹን ንደፉ። ፍሳሹ በየት ወጥቶ የት እንደሚገባ በቀስት አሳዩ። በሥዕሉ ማማር አትጨነቁ።

3. የሰፈር መዝገብ ክፈቱ

የዚህ ሥራ ልቡ እዚህ ነው። የሚያስፈልገው ደብተርና እስክርቢቶ ነው። ስልክ ላይ ብቻ አትጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዱ ጎረቤት እንዲህ ይጽፋል፦

«ጭሱ አላስተኛንም፣ እየገደለን ነው፣ መንግሥት ይድረስልን።»

ሌላዋ ደግሞ እንዲህ፦

«ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 4፡20 እስከ 6፡00። ጥቁር ጭስ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ። ንፋሱ ከወንዙ ወደ እኛ። በአራቱም ቤት ምድጃ አልነደደም። የትንሹ ልጅ ትንፋሽ አጠረው፣ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደ። ፎቶ አለ።»

የመጀመሪያው ሐሰት አይደለም። ግን አንብቦ ምን ማድረግ ይቻላል? ሁለተኛውን ያነበበ ተቆጣጣሪ በስንት ሰዓት መምጣት እንዳለበት ያውቃል። የት እንደሚቆም ያውቃል። ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

በየመስመሩ ቀን፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ያያችሁት ወይም የሸተታችሁ፣ የንፋሱ አቅጣጫ፣ የታመመ ካለ፣ የጻፈው ሰው ስም ይኑር። ሰዓቱ ላይ «ጠዋት»፣ «ሌሊት» ማለትን አትርሱ። ምንም ያልታየበትን ቀንም «ዛሬ የለም» ብላችሁ ጻፉ። ሰዎች ይህን እንደ ድካም ያዩታል፣ እኔ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። «የለም» የሚል ቀን ያለበት መዝገብ ይታመናል። ማምረቻው በሚዘጋበት እሑድና በዓል ቀን ጭሱ ከጠፋም ምንጩ ማን እንደሆነ መዝገቡ ራሱ ይናገራል።

ደብተሩን ማን ይያዝ? በብዙ ሰፈር የሚሻለው በዕድሩ በኩል አንድ ጸሐፊና አንድ ተተኪ መምረጥ ነው። ቀን ቀን ቤት የሚውሉ እናቶች ደግሞ ከማንም በላይ ያያሉ። ቡና ላይ የሚወራው ሁሉ ደብተሩ ላይ ቢሰፍር ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ፎቶ ስታነሱ ከሩቅ የሚለይ ነገር አብሮ ይግባ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ድልድይ፣ የመብራት ምሰሶ። በዚያው ዕለት የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ ላኩት፣ ቀኑ እዚያ ይቀራል። ግቢ ጥሳችሁ አትግቡ። የሠራተኞችን ፊት አታንሱ። ሌሊት ፎቶ ፍለጋ ከቤት አትውጡ፣ ከመስኮታችሁ የሚታየው ይበቃል።

4. ውሃውንና አቧራውን የሚታይ አድርጉት

ሁለት ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ያዙ። አንዱን ፍሳሹ ወንዙን ከሚቀላቀልበት በላይ ሙሉ፣ አንዱን ከታች። ከላይኛው ጀምሩ። ጓንት ወይም ወፍራም ፌስታል እጃችሁ ላይ ይኑር። ጠርሙሱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ለጥፉ። ጎን ለጎን ነጭ ወረቀት ፊት አቁማችሁ ፎቶ አንሱ። ቀለሙ፣ አረፋው፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ይታያል። ከዚያ «አይጠጣ» ብላችሁ ጻፉበትና ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

ይህ የላቦራቶሪ ውጤት አይደለም፣ እንደ ላቦራቶሪም አታቅርቡት። የሚጠቅመው ባለሙያው ራሱ መጥቶ ናሙና እንዲወስድ ለማሳመን ነው። ለትክክለኛው ምርመራ ናሙናው በንጹሕ ዕቃ፣ በበረዶ ተይዞ በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት። የአሲድነት መለኪያ ወረቀት ካገኛችሁ ንከሩበት። ለአብዛኛው ኢንዱስትሪ የተፈቀደው የፍሳሽ ፒኤች ከ6 እስከ 9 ነው። ከዚያ ከወጣ መዝግቡት።

ለአቧራ ነጭ ሳህን በስሱ ቫዝሊን ቀብታችሁ መስኮት ላይ ለአንድ ቀን አስቀምጡ። ሌላ ሳህን ራቅ ያለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ሁለቱን አስተያዩ። ድምፅን በተመለከተ የአገሪቱ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የስልክ መለኪያ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ልኩን አይናገርም።

ክረምት ሲገባ ዓይናችሁን ክፈቱ። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ይሸፍነዋል ብሎ ያጠራቀመውን ፍሳሽ የሚለቅ አይጠፋም። ከዝናቡ በኋላ ሳይሆን ዝናቡ ሲጀምር ተመልከቱ።

5. ጤና ጣቢያ ስትሄዱ

«ሳል ያዘኝ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የት እንደምትኖሩ፣ ከማምረቻው ምን ያህል እንደምትርቁ፣ መቼ እንደሚብስባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ካርዱ ላይ እንዲጻፍም ጠይቁ። የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ቤታችሁ ስትመጣ ደብተሩን አሳይዋት። ብዙ ቤት የምትዞረው እሷ ነች፣ አምስት ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ሳል ካለ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባት ለእሷ ነው።

ጎንደር በዚህ ረገድ ባለታሪክ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በዓመቱ እዚህ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጠነውም የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ነበር፤ ሰው ሆስፒታል እስኪመጣ ሳይጠብቁ ሰፈሩን፣ ውሃውንና ሽንት ቤቱን የሚያዩ ባለሙያዎች። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የወጣ ነው። የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍሉን በደብዳቤ መጠየቅ ነውር የለውም። ለተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት የእናንተ ወንዝ ጥሩ ርዕስ ነው።

6. ባለቤቱን አነጋግሩ

ማምረቻው ትንሽ ከሆነ ሽማግሌ ይቅደም። እዚያ የሚሠሩት የእናንተው ልጆች ናቸው፣ እንጀራቸው ነው። «ይዘጋ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። የሚሠራ ነገር ጠይቁ፦ ብሎኬት ማምረቻው ሲሚንቶውን በሸራ ይሸፍን፣ ግቢውን ውሃ ይርጭ። ጋራዡ የተቃጠለውን ዘይት በበርሜል ያጠራቅም፣ ፍሳሹን ዘይት በሚያስቀር ጉድጓድ ያሳልፍ። እንጨት ቤቱ ቀለም የሚረጨው በር ዘግቶ ይሁን። ወፍጮው ማታ ይቁም።

ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የሚፈጸምበት ቀን ይጻፍ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርም። ባለቤቱ ካስፈራራ ወይም ቀኑ ካለፈ ወደሚቀጥለው እለፉ። ትልቅ ፋብሪካ ከሆነ፣ ወይም ባትሪና መርዛማ ኬሚካል ያለበት ከሆነ፣ ሽምግልናውን ዘልላችሁ በቀጥታ አመልክቱ።

7. ደብዳቤው

የሚጻፈው የአካባቢ ጥበቃን ሥራ ለያዘው የከተማው ጽሕፈት ቤት ነው። ግልባጭ ለቀበሌው፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለጤና መምሪያው እና ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይድረስ። ግልባጩን አትናቁ። አምስት ቦታ የገባ ደብዳቤ አንዱ ጋ ጠፋ ቢባል ሌላው ጋ ይገኛል።

አንድ ገጽ ይበቃል። እንደዚህ ያለ፦

«ጉዳዩ፦ የፍሳሽና የጭስ ብክለት እንዲጣራልን ስለመጠየቅ። እኛ ስማችንና የቤት ቁጥራችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ነዋሪዎች፣ በሰፈራችን ካለው ማምረቻ ከኅዳር 10 ጀምሮ በተደጋጋሚ ጥቁር ጭስ እየወጣ መሆኑን በመዝገብ ይዘናል። ቀንና ሰዓቱ፣ ፎቶና የቦታው ንድፍ ተያይዟል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ተቆጣጣሪ ተልኮ እንዲጣራና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

ስለ አዋጁ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማችኋል። አንደኛ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ ማንም ሰው በግሉ የተጎዳ መሆኑን ማሳየት ሳያስፈልገው እንዲያመለክት ይፈቅዳል። «አንተ ምን አገባህ?» የሚል መልስ ከሕጉ ውጭ ነው። ሁለተኛ፣ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማምረቻው ውስጥ መግባት ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ፍሳሹ የሚለቀቀው ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ይታይልን» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ቀን ቀን ተነግሮት የሚመጣ ቁጥጥር የታጠበ ግቢ ነው የሚያገኘው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይላል። ይህንንም ጨምሩት።

ችግሩ ወንዝ ላይ ከሆነ የታችኛውን ሰው አንሱ። አንገረብም ቀሃም ወርደው መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ በደምቢያ አድርጎ ጣና ይገባል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው በመገጭ መግቢያ በኩል ነበር። የጥምቀቱ የፋሲል መዋኛም የሚሞላው ከቀሃ በሚሳብ ውሃ ነው። ቢሮ ያለው ሰው ጉዳዩ የአንድ መንደር ብቻ እንዳልሆነ ይይ።

ፈራሚዎች ስማቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውንና ፊርማቸውን ያስቀምጡ። የታካሚ ካርድ አታያይዙ። «ማስረጃው ሲጠየቅ ይቀርባል» ማለት ይበቃል። የልጆቻችሁ ሕመም በየጠረጴዛው መዞር የለበትም።

መዝገብ ቤት ስትደርሱ ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን ስጡ። ሌላው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ተመለሱ» ቢባል፣ ገቢ ለማድረግ ኃላፊው አያስፈልግም። በትሕትና፣ ግን ሳትነሱ ጠብቁ።

8. ቀን ቁጠሩ

አቤቱታው የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። 60ው የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ካለፈበት ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ያግዛል። መጋቢት 1 ገቢ የሆነ ደብዳቤ 30ው መጋቢት መጨረሻ ላይ ይሞላል። ከዚያ ሚያዝያና ግንቦት የእናንተ ናቸው። ግንቦት እስኪያልቅ ግን አትጠብቁ። ጳጉሜን መሐል ከገባች አስቡባት።

በመሐሉ ተቆጣጣሪው መጥቶ ናሙና ከወሰደ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ጠይቁ። ማምረቻው አዲስ ከሆነ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱን ለማየት ጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ለሕዝብ ክፍት መሆን ያለበት ሰነድ ነው። «ምስጢር ነው» ካሏችሁ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በጽሑፍ አመልክቱ። ዝም ካሉም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ፍርድ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የጠበቃ ክፍያውን አስቦ ይተወዋል። ከመተው በፊት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ስትሄዱ ደብተሩን፣ ማህተም ያረፈበትን ቀሪ፣ ቃለ ጉባኤውን፣ ንድፉንና ፎቶውን ያዙ። ዋናውን አትስጡ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡ። ከሁለት በላይ ሰው አብሮ ይሂድ፣ አንዱ ሲቀር ሌላው ጉዳዩን እንዲያውቀው። ደብተሩንም በዚያው ሳምንት መሙላት አታቁሙ፤ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ጭሱ አሁንም አለ ወይ ብሎ ነው።